የፋርስ ምንጣፍ ሽመና በየአካባቢው

በኢራን በእጅ የሚሠራ ምንጣፍ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው በተሠራበት ከተማ፣ መንደር ወይም ጎሣ ስም ነው። ይህ ስም የገበያ መለያ ብቻ አይደለም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ምንጣፉን ገልብጦ ጀርባውን ሲያይ ከድሩ፣ ከማጉና ከቋጠሮው ተነሥቶ የመጣበትን አካባቢ ለመገመት አይቸገርም።

ዋናዎቹ ቋጠሮዎች ሁለት ናቸው። በአንደኛው የሱፉ ክር ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ድሮች እኩል ይጠመጥምና ጫፎቹ በመካከላቸው ይወጣሉ፤ በሌላው ግን ክሩ አንዱን ድር ዙሪያውን ይጠመጥምና በሁለተኛው ሥር ብቻ ሾልኮ ያልፋል። የመጀመሪያው በታብሪዝና በአካባቢው፣ ሁለተኛው በካሻን፣ በኢስፋሃን፣ በናይንና በኬርማን ይሠራበታል። ነጋዴዎች ሁለተኛውን «የሴኔ ቋጠሮ» ይሉታል፤ ሴኔ ዛሬ ሳናንዳጅ የምትባለው የኩርዶች ከተማ ስትሆን፣ የሚገርመው ግን የከተማዋ ሸማኔዎች የሚቋጥሩት የመጀመሪያውን መሆኑ ነው።

በዚያው በኩርዲስታን የምትገኘው ቢጃር የምትታወቀው በምንጣፎቿ ጥንካሬ ነው። ሸማኔዎቹ ርጥብ ማግ በድሩ መካከል ያስገቡና በከባድ የብረት መምቻ ይደቁታል፤ ምንጣፉ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚደድር በጥቅል እንጂ በማጠፍ አይቀመጥም፤ «የብረት ምንጣፍ» የሚለውን ቅጽል ያገኘውም ከዚሁ ነው።

በከተማ ሥራ ቤቶች ንድፉ አስቀድሞ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ይሣላል፤ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ቋጠሮ ነው። በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የአርዳቢል ምንጣፍ የ946 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. ከ1539 እስከ 1540) ጽሑፍና የማቅሱድ ካሻኒ ስም አለበት፤ ስሙ ካሻንን ቢጠቁምም ምንጣፉ የተሸመነበት ከተማ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በደቡብ ኢራን ባለው የፋርስ ክፍለ ሀገር የቃሽቃይ ዘላኖች ሥራ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ወንዶቹ በጎቹን ይሸልታሉ፣ ሴቶቹ ፈትለው ያለ ወረቀት፣ ከትዝታቸው እየቀዱ ይሸምናሉ፤ መሸመኛቸው መሬት ላይ የሚዘረጋ በመሆኑ ጎሣው ሲሰደድ ተነቅሎ ይጫናል። ዩኔስኮ የዚህን ክፍለ ሀገርና የካሻንን የሽመና ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2010 ለየብቻ መመዝገቡ ስለዚህ ተገቢ ነው። ቀዩ ቀለም ከሩናስ ተክል ሥር፣ ቢጫው ከሮማን ልጣጭ ይወጣል፤ ክሩ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚነከር አንዱ ቀይ ከሌላው ይደምቃል ወይም ይፈዝዛል። «አብራሽ» የሚሉትን ይህን መዥጎርጎር ዛሬ በፋብሪካ የሚሠሩ ምንጣፎች ሳይቀሩ ሆን ብለው ይኮርጁታል።