የመኪና ግብይት በባሕር ዳር፦ ከዋጋ ጥሪ እስከ ስም ዝውውር

ባሕር ዳር ላይ መኪና መግዛትና መሸጥ ከሱቅ ይልቅ በሰው የሚሠራ ሥራ ነው። ሻጭና ገዥ በደላላ ይገናኛሉ፤ መካኒክ መኪናዋን ያያል፤ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ቀብድ ይያዛል፤ ባንክ ተገብቶ ይከፈላል፤ ውልና ማስረጃ ይፈረማል፤ በመጨረሻም ሊብሬው (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) በገዥው ስም ይዞራል። ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ የያዘ ጽሑፍ ስለሌለ፣ ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው በሥራ ላይ ካሉ ሕጎችና መኪና ገዝተው ሸጠው ከሚያውቁ የከተማዋ ሰዎች ልምድ ነው።

ዳራ

ከተማዋ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ያሏት በመሆኗ ለረጅም ጊዜ የታወቀችው በብስክሌት ነው። በንጉሡና በደርግ ዘመን የግል መኪና የነበረው ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ ባጃጅ መጣች፤ ዛሬም ለብዙ ወጣት የመጀመሪያዋ የራሱ ተሽከርካሪ ባለሦስት እግሯ ናት። የባጃጅ ገዥ ከሞተሯ በፊት የሚጠይቀው «ማኅበር ገብታለች ወይ?» ብሎ ነው።

ገበያው አሁን ያለውን መልክ የያዘው ግን ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አስከበዳቸው። አሮጌ ቪትዝና ኮሮላ ከውጭ ማስገባት አላዋጣ አለ፤ ቀድማ የገባችው መኪና ደግሞ በቆመችበት ዋጋዋ ወጣ። በ2014 ዓ.ም የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትነው ለሚገቡት 5 በመቶ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡት ምንም እንዳይከፈል ተወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሻጭ ዋጋ ዕድሜ አጥሯል። ሰኞ የተጠራው ዋጋ ለሐሙስ አይሠራም፤ ገዥም «አስቤበት ልምጣ» ብሎ መሄድ ያስፈራዋል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግጭትም በገበያው ላይ ተጽዕኖ ሳያሳድር አልቀረም።

ደላላ

ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለደላላ ነው። የኮሚሽኑ መጠን በየቦታው ይለያያል፤ ከሻጭም ከገዥም ሁለት ሁለት በመቶ የሚለው ልማድ በሰፊው ይነገራል፤ ከሻጩ ብቻ ነው የሚወሰደው የሚሉም አሉ። ስለ መኪና ደላላ የሚወራው ክፉ ወሬ ለባሕር ዳር ደላሎች የተጋነነ ነው። ከተማዋ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ናት፤ አንድ ጊዜ አሳስቶ ያሻሻጠ ደላላ በማግስቱም እዚያው ካፌ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት አለበት። ሆኖም ኮሚሽኑ በስንት እንደሚታሰብና ማን እንደሚከፍለው መኪናዋ ሳትታይ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ የሚነሳ የኮሚሽን ጥያቄ ያለቀ ውል ያፈርሳል።

ደላላው መኪናዋን ሲያስተዋውቅ የራሱ ቋንቋ አለው። «ሞተሯ አልተከፈተም» ማለት ትልቅ ጥገና አልነካትም ማለት ነው። «ቀለሟ ኦሪጅናል ነው» ማለት ተጋጭታ አልተቀባችም ነው። «ዶክተር የያዛት ናት» ሲባል በጥንቃቄ ተነድታለች ለማለት ሲሆን፣ ይህችኛዋን በማንም ማረጋገጥ ስለማይቻል ዋጋ ሊጨመርባት አይገባም።

ማስፈተሽ

ከጣልያን የወረስናቸው ቃላት ጋራዥ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራሉ፤ ገዥም ቢያንስ ካምቢዮን (ማርሹን)፣ ፍሪሲዮንን (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን) እና ካንዴላን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ለይቶ ማወቅ ይጠቅመዋል። ጥሩ መካኒክ መኪናዋን ማየት የሚፈልገው በጠዋት፣ ሞተሯ ሳይሞቅ ነው። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ ካቆያት ኮፈኑን በእጁ ነክቶ ያውቃል። ዘይት መለኪያውን መዝዞ በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ያጠልቃል፣ እንደገና አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዞረዋል። ቀጥሎ ከፊት በር እስከ ኋላ ድረስ ላሜራውን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ይዞራታል። ጤነኛው ላሜራ ይጮኻል፤ ባትላሜራ ቤት (የተጋጨ አካል የሚጠገንበት) ገብቶ ስቱኮ፣ ማለት የላሜራ መሙያ ልጥፍ፣ የጠጣው ቦታ ድምፁ ይታፈናል። አንዳንዱ በኪሱ ትንሽ ማግኔት ይይዛል፤ ስቱኮው ወፍራም ከሆነበት ቦታ ላይ ማግኔቱ አይጣበቅም።

ከተማዋ ሜዳ በመሆኗ የሞተር ጉልበት የሚፈተንበት ዳገት ብዙ የላትም። መንገዱ ክፍት ሲሆን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ወዳለበት፣ መውጣት ጥሩ ፈተና ነው። ሲወጡ የሞተሯን ድምፅና ከኋላ የሚወጣውን ጭስ፣ ሲወርዱ ፍሬኑን ማየት ነው። የከተማዋን መካኒኮች በተመለከተ፣ ፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ) በ1955 ዓ.ም በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት የግብርና መኪና ጥገናን ከመጀመሪያ ትምህርቶቹ አንዱ አድርጎ የጀመረ ትምህርት ቤት መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። እጅ ያለው መካኒክ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ከመኪናዋ ጎን ለጎን ወረቀቷም ይፈተሻል። የሻንሲና (በመኪናዋ አካል ላይ የተቀረጸው) የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፣ ቦሎዋ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክቷ) የዘንድሮ መሆኑ ይታያል፣ የሦስተኛ ወገን መድኗ ጊዜው አለማለፉ ይረጋገጣል። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ከሆነች ቀረጧ ሳይከፈል ለሌላ ሰው ልትሸጥ አትችልም። መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ማጣራት ደግሞ ከሁሉ በፊት ነው፤ ይህን ከቀብድ በኋላ የሚያደርግ ሰው ቀብዱን ለአደጋ አጋልጧል።

ክርክሩ

በባሕር ዳር የመኪና ክርክር ላይ ጩኸት የለም። ወጣት ገዥ አዛውንት ሻጭ ፊት ሲቀርብ «ጋሼ፣ እስቲ የመጨረሻውን ይንገሩኝ» ይላል። ጋሼም በቀጥታ አይመልሱም፤ «አንተስ ስንት ይዘሃል?» ይላሉ። ዋጋ ቀድሞ የሰጠ የተጎዳ ስለሚመስለው ሁለቱም ወደ ደላላው ያያሉ። ደላላው ተነስቶ አንዱን ወደ ጎን ይወስዳል፣ ይመለሳል፣ ሌላውን ይወስዳል። ለማስረዳት ያህል፣ 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ብር ተጠርታ 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ከተሰጠባት፣ ልዩነቱ 50 ሺህ እስኪሆን ድረስ ሁለቱ ፊት ለፊት ብር አይጠራሩም። የቀረችውን ግን ራሳቸው ይጨርሷታል፤ «ለሁለት እንካፈላት» ወይም «ለጎማና ለቦሎ ቀንስልኝ» ይባባላሉ።

ገዥውን የሚጠቅመው ዋጋ ማውረድ ብቻ አይደለም። የስም ማዛወሪያው ወጪ በማን ነው? ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ቢገኝስ? ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩና ሁለተኛው ቁልፍ አብረው ይሰጣሉ ወይ? እነዚህ በቃል ተነግረው የሚታለፉ ናቸው፤ በኋላ የሚያጣሉትም እነሱ ናቸው።

ቀብድ

ዋጋ ሲቆረጥ ቀብድ ይያዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው፦ የቀብድ መሰጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው (ቁጥር 1883)፤ የተለየ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል (ቁጥር 1885)። ችግሩ ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለውን ቃል አለመጻፉ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለአንዲት ኮሮላ የሰጠው ብር በወረቀቱ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ተጻፈ። የብር ምንዛሪ በተለወጠ ሰሞን ሻጩ ሐሳቡን ቀየረና የተቀበለውን ብር ያለ አንድ ሳንቲም ጭማሪ መለሰ። እጥፉ ሲጠየቅም ወረቀቱን አሳየ። ቅድሚያ ክፍያ የዋጋው ከፊል ነው እንጂ ቀብድ አይደለም የሚለውን ክርክር በአንድ ቃል ማስቀረት ይቻል ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ፤ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ሙሉ ዋጋው፣ የመፈራረሚያው ቀንና የሁለት እማኞች ፊርማም አይጉደል።

ክፍያ

እስከ 2012 ዓ.ም ድረስ የመኪና ዋጋ በፌስታል ተቋጥሮ፣ በጥሬ ብር መከፈሉ የተለመደ ነበር። መስከረም 2013 ዓ.ም የብር ኖቶች ሲቀየሩና 200 ብር ሲጨመር፣ ብሔራዊ ባንክም አንድ ግለሰብ በቀን ከባንክ በሚያወጣው ጥሬ ብር ላይ በወቅቱ 50 ሺህ ብር ጣሪያ ሲያደርግ ያ ልማድ ቀረ። አሁን በድርድሩ መሐል «አካውንትህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ ሁለቱም አንድ ባንክ ካላቸው ዝውውሩ ወዲያው ይታያል። ንግድ ባንክ የብዙዎች መገናኛ ነው፤ ዓባይ ባንክና ባሕር ዳር ላይ ተወልዶ ካደገው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) የተገኘው ጸደይ ባንክም በዚህ በኩል የከተማዋ ሰው የሚኮራባቸው ናቸው።

ከዋጋው ክርክር ይልቅ ከባዱ የቅደም ተከተሉ ክርክር ነው፦ ብሩ ይቅደም ወይስ ፊርማው? ሻጭ ብሩ ሳይገባ መፈረም አይፈልግም፤ ገዥም ሳይፈረምለት ብሩን መልቀቅ አይፈልግም። የተለመደው መፍትሔ ሲፒኦ፣ ማለት ባንኩ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ፣ ነው። ገዥው ከባንክ በሻጩ ስም ያሠራዋል፤ ብሩ ከገዥው ሒሳብ ወጥቷል፣ ሻጩ እጅ ግን ገና አልገባም። አንድ ጠዋት ባንክ ውስጥ ያየሁትን ላስፍር። ሻጩ፣ ባለቤቱ፣ ገዥውና ደላላው አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ሲፒኦው ሲመጣ ሴትየዋ ከገዥው ተቀበለችው፣ የባሏን መታወቂያ ከጎኑ አስቀመጠችና ስሙን በጣቷ ፊደል በፊደል አመሳከረች። የአባቱ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ አገኘችው። እንደገና ተሠራ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ማንም አልተቆጣም። ሻጭ ሲፒኦውን ከገዥ እጅ ብቻ አይቶ መቀበል የለበትም፤ ባወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ማረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው መንገድ መያዣ ማስቀረት ነው። ዋጋው አብዛኛው በመፈራረሚያው ቀን ይከፈልና የተወሰነ ብር ሊብሬው በገዥው ስም እስኪወጣ በገዥው እጅ ይቆያል። መጠኑ በስምምነት ነው፤ ሻጩ ቀሪውን ለማግኘት ሲል ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንዲመላለስ የሚያደርግ መሆን አለበት።

የባንክ ዕዳ ያለባት መኪና ከተገኘች ሦስት ወገን አብሮ ይንቀሳቀሳል። ገዥው ቀሪውን ዕዳ በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል፣ ባንኩ እገዳው እንዲነሳ ለመንገድ ትራንስፖርት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሻጩ የሚቀበለው ትርፉን ብቻ ነው።

አዲስ መኪናና የአዲስ አበባ ገበያ

አዲስ መኪና፣ በተለይ ኤሌክትሪክ፣ የሚፈልግ የባሕር ዳር ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ይወርዳል። እዚያ የሚቀበለው ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ነው፤ ዋጋው ስንት ቀን እንደሚጸና ወረቀቱ ላይ ማየት ያሻል። ተከራክሮ ብዙ ባይቀነስም ቻርጀሩን፣ ታርጋውንና የመጀመሪያ ሰርቪሱን ማስጨመር ይቻላል። መኪናዋ ገና መንገድ ላይ ከሆነች ቅድሚያ ከመክፈል በፊት ምንዛሪ ቢጨምር ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም በውሉ ይጻፍ።

ያገለገለች ከሆነች ደግሞ የአባይ በረሃ ራሱ መካኒክ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዳ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ ደጀን ስትወጣ ራዲያተሯ ካልፈላ ገዥው ልቡ ያርፋል። እንግዲህ ፋይሏ ይቀራል፤ ፋይሏ ከአዲስ አበባ ወደ ክልሉ እስኪዛወር ድረስ ጊዜ ይወስዳል።

ስም ማዛወር

ተራ ተንቀሳቃሽ ንብረት በእጅ ሲገባ ባለቤትነቱም ይዞራል፤ መኪና ግን ልዩ ተንቀሳቃሽ በመሆኗ ምዝገባ ትጠይቃለች። ይህን የሚገዛው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ውልና ማስረጃ ፊት ሻጭ ባለትዳር ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያመጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ልማዶች አደጋ አላቸው። አንዱ ስም ሳያዛውሩ በውክልና መንዳት ነው። ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃል፤ ገዥውም ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ይፋጠጣል። ሌላው ለክፍያ እንዲቀል ብሎ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ ውሉ ላይ መጻፍ ነው። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ገዥው በወረቀት የሚጠይቀው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ሊብሬው በወጣ ቀን የቀረው መያዣ ይከፈላል፣ ሁለተኛው ቁልፍ ይሰጣል፣ ደላላው ድርሻውን ይወስዳል። ሻጩ «ገደኛ ያድርግልህ» ብሎ ይመርቃል። ብዙዎች መኪናዋን ከዚያው ወደ ጣና ዳሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይዘው ሄደው ጸበል ያስረጫሉ፤ ሙስሊሞቹም ቤት ገብተው ዱዓ ያስደርጋሉ።