«አዲስ ድራማ እዩልን» የሚለው ግብዣ፦ የሚታመነውና እውነታው

በአሜሪካ ከተሞች ለብዙ ዓመታት በፖስታ ሳጥን ውስጥ የሚገኝ አንድ ግብዣ ነበር። «ቴሌቪዥን ፕሪቪው» (የቴሌቪዥን ቅድመ ዕይታ) ይላል። ገና ያልተላለፉ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን አይተው አስተያየት እንዲሰጡ ተመርጠዋል፤ ሆቴሉ ይህ፣ ሰዓቱ ይህ፣ መግቢያው በነጻ። የተጠራው ሰው ከሥራ መልስ ልብሱን ቀይሮ፣ ጎረቤቱን አስከትሎ ይሄዳል። የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፣ ቴሌቪዥኖች ቆመዋል፣ የጥያቄ ጥራዝ ይታደላል። ጨርሶ ሲወጣ አንድ ነገር ይከነክነዋል፤ ስለ ድራማው የተጠየቀው ጥቂት፣ ስለ ሳሙናና ስለ ብስኩት የተጠየቀው ግን መዓት ነው።

ከግብዣው ጀርባ የነበረው ኢንዲያና ግዛት ኤቫንስቪል ከተማ የነበረ፣ አርኤስሲ የተባለ የማስታወቂያ ጥናት ድርጅት ነው። የሚፈተነው ድራማው ሳይሆን በመሃል የሚገባው ማስታወቂያ ነበር። ይህ ምስጢር ሆኖ አልቀረም። ሆኖም ሰው ስለዚህ ዓይነት ግብዣ ሲያወራ ከሚሰነዝራቸው ግምቶች ብዙዎቹ ከእውነታው ይርቃሉ።

«የእኔ አስተያየት ድራማው እንዲተላለፍ ወይም እንዲቀር ያደርጋል»

አያደርግም። የድራማው ነገር ካለቀ ቆይቷል። ሄደው ያዩ ሰዎች የሚያወሩት ተመሳሳይ ነው፤ የተዋናዮቹ ፀጉር የተነፋፋ፣ የኮታቸው ትከሻ ያበጠ፣ ዘመኑ ያለፈበት። ከዓመታት በፊት የተሠራ፣ ማንም ጣቢያ የማይጠብቀው ፕሮግራም ነው። ስለ እሱ የሚሞላው ቅጽ ለማስመሰል ያህል የገባ ነው።

«አሮጌ ፕሮግራም የሚያሳዩት ሳንቲም ለመቆጠብ ነው»

ርካሽ መሆኑስ አይጠላም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ባለፈው ወር የተፈተነውን ማስታወቂያ ዛሬ ከሚፈተነው ጋር ለማወዳደር ዙሪያው እንዳለ መቆየት አለበት። ድራማው በየጊዜው ከተለወጠ፣ ሰው የሳቀው በማስታወቂያው ይሁን በድራማው አይለይም። ስለዚህ ያ አሮጌ ፕሮግራም እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው፤ ጥቅሙ አለመለወጡ ላይ ነው።

ይህን ብልሃት ሌሎችም ያውቁታል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ፕሪቪው ሃውስ» በሚባል አዳራሽ ታዳሚው እጁ ላይ ባለ ማዞሪያ የወደደውንና የሰለቸውን እያመለከተ ያይ ነበር። ከሁሉ በፊት የሚታየው ግን ሚስተር ማጉ የተባለው ዓይነ ደካማ ሽማግሌ ያለበት አንድ የካርቱን ፊልም ነው። በየጊዜው ያው ካርቱን። የዚያን ምሽት ሰው ለሳቅ ቸር ይሁን ቆጣቢ በእሱ ይለካና የቀረው ውጤት ይስተካከላል።

«ሽልማቱ ለድካማችን ምስጋና ነው»

እዚህ ላይ ነው ሥራው ሁሉ ያለው። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት አስተናጋጁ ዕጣ እንዳለ ያበስራል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዘንቢል ሙሉ የቤት ዕቃ ይወስዳል። ለዚህም ጥራዙ ውስጥ ገጽ በገጽ የምርት ሥዕል ተደርድሯል። አንዱ ገጽ ላይ የዱቄት ሳሙና፣ ሌላው ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቀጥሎ የውሻ ምግብ። ብታሸንፍ የትኛውን ትወስዳለህ? አንዱን ምረጥ። ታዳሚው ዕጣ ነውና ከልቡ ይመርጣል፤ ማን የማይጠቀምበትን ሳሙና ተሸክሞ ይሄዳል!

ከዚያ ድራማው ይታያል፤ «ቤታችሁ እንዳላችሁ እንዲሆን» ተብሎ በመሃል ማስታወቂያ ይገባል። ሲያልቅ ሁለተኛ ዕጣ አለ ይባላል። ያው ሥዕል፣ ያው ምርጫ። ለምሳሌ ከመቶ ሰው አንዱን ሳሙና በፊት የመረጡት 18፣ በኋላ የመረጡት 24 ቢሆኑ፣ ማስታወቂያው ስድስት ሰው አዙሯል ማለት ነው። ደንበኛው ኩባንያ ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚህች ስድስት ነው። ዘንቢሉ ስጦታ ቢመስልም መለኪያ ነው።

ሐሳቡ የአርኤስሲ ፈጠራ አይደለም። ሆራስ ሽዌሪን የተባለ ሰው ከእሱ ቀደም ብሎ ኒው ዮርክ ውስጥ ሰው ቲያትር ቤት እየጠራ፣ ከትርኢቱ በፊትና በኋላ በዕጣ እያስመረጠ ይለካ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች በማግስቱ ስልክ ደውለው «ምን ታስታውሳለህ?» ይሉ ነበር፤ ሽዌሪን ግን ማስታወስ መግዛት አይደለም ባይ ነው። በዚህ በኩል እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የማስታወቂያውን ዜማ በቃሉ የሚወጣው ሰው ሱቅ ሲደርስ ሌላውን ሲገዛ እናያለን። በእኛ አገር ደግሞ ይባስ ብሎ የምርቱ ስም የዕቃው ስም ይሆናል፤ ባለሱቁን «ኦሞ ስጠኝ» ስትለው «የምን ኦሞ?» ብሎ ይመልስልሃል። ያንን «የምን» ማሸነፍ ነው የማስታወቂያ ሰው ጭንቀቱ።

«ስለዚህ አጭበርባሪዎች ናቸው፣ ሊሸጡልን ነው የጠሩን»

እዚያ ማንም ምንም አይሸጥም። ነጻ እራት ጋብዞ፣ በዓመት ለጥቂት ጊዜ የሚያርፉበትን የመዝናኛ ቤት ድርሻ ግዙ ብሎ ካላስፈረመ የማይለቅ ሌላ ነው፤ ያኛው ሽያጭ ነው፣ ይሄኛው በእርግጥም ጥናት ነው። ጥናትን ለሽያጭ መሸፈኛ ማድረግን የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር የኤሶማር ደንብ ይከለክላል። አርኤስሲ ላይ የሚነሳው ቅሬታ የተለየ ነው፤ ሰው ለምን እንደተጠራ ተዋሽቷል።

«ፊልም አስቀድመው እዩልን የሚለው ሁሉ ውሸት ነው»

አይደለም። በሆሊዉድ እውነተኛው ሙከራ የታወቀ ሥራ ነው፤ ጆሴፍ ፋሬል በ1978 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋመው ናሽናል ሪሰርች ግሩፕ ለትልልቅ ስቱዲዮዎች ሲሠራ ኖሯል። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲቢኤስም ላስ ቬጋስ በሚገኘው ኤምጂኤም ግራንድ ሆቴል ውስጥ ጎብኚዎችን እያስገባ አዳዲስ ፕሮግራም ያስገመግም ነበር። ልዩነቱ አዳራሹ ውስጥ ይታወቃል። የእውነተኛው ሙከራ ፊልም ብዙውን ጊዜ ገና አላለቀም፤ ሙዚቃው የተውሶ፣ አንዳንዱ ትዕይንት ጥሬ ነው። ምስጢር እንድትጠብቅ ያስፈርሙሃል፣ ስልክህን ይሰበስባሉ። ጥያቄውም ስለ መጨረሻው፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ፣ ለወዳጅህ ትመክረው እንደሆነ ነው። የትኛውን ሻምፑ እንደምትወድ ከጠየቁህ ሌላ ቤት ገብተሃል።

«እውነቱን ቢነግሩን ጥናቱ ይበላሻል»

ይህ የተመራማሪዎቹ መከራከሪያ ነው፤ ግማሹ ልክ ነው። ማስታወቂያ ልታይ ነው የተባለ ሰው ወይ ዓይኑን አፍጥጦ ያያል፣ ወይ እምቢ ለማለት ይዘጋጃል፤ ቤቱ ሶፋ ላይ እንደተጋደመው ሰው አይሆንም። ግን ይህ ከትርኢቱ በፊት ለመደበቅ እንጂ በኋላም ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም። በሥነ ልቦና ሙከራ ዓላማውን መሸፈን ይፈቀዳል፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ደንብ ግን ሲያልቅ ለተሳታፊው እንዲገለጽለት ያዛል። እዚህም አስተናጋጁ ጥራዙን ሲሰበስብ «የፈተንነው ማስታወቂያውን ነበር» ቢል የሚፈጅበት አንድ ደቂቃ ነው፤ ሁለቱም ምርጫ ተሞልቶ አብቅቷልና የሚበላሽ ቁጥር የለም።

ድርጅቱ ኋላ ኤአርኤስ ግሩፕ በሚል ስም ሲሠራ ቆይቶ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ኮምስኮር በተባለ የተመልካች ልኬታ ኩባንያ ተገዛ። በሆቴሉ ዘመን ግን ታዳሚው ቤቱ ከገባ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልክ ይደወልለት ነበር። «ስለዚያ ድራማ ሊጠይቁኝ ነው» ብሎ ያነሳል፤ የሚጠየቀው የትኞቹን ማስታወቂያዎች እንደሚያስታውስ ነው።