«ቁልፍ አለው እኮ!» ስለ ሐሰተኛ ዌብሳይቶች በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ስልኳን ሰጠችኝ። «እስቲ እይልኝ፣ ባንኩ ስጦታ እየሰጠ ነው» አለችኝ። ገጹ የባንኩ ሎጎ አለው፤ ቀለሙም ያው ነው። አራት ቀላል ጥያቄ ይጠይቃል። ከዚያ የስጦታ ሳጥኖች ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሳጥን ባዶ ነው፤ ሁለተኛው ሲነካ ብር ይወጣል። ዘግቼ እንደገና ስከፍተው ያው ሆነ። መጨረሻ ላይ «ስጦታውን ለመውሰድ ለ20 ሰው ይላኩ» ይላል። አክስቴ ለ14 ሰው ልካለች።

አክስቴ ሞኝ አይደለችም። ቲማቲም እንኳ አገላብጣ ሳታይ አትገዛም። ይህንንም አይታዋለች፤ ያየችው ግን የማይረዳትን ነገር ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። አጭበርባሪ የገጽን መልክ በደቂቃዎች ይገለብጣል። ሊገለብጠው የማይችለው ነገር አድራሻው ነው። እሱን ደግሞ ማንበብ ማንም አላስተማረንም።

«የቁልፍ ምልክት ካለው አስተማማኝ ነው»

አክስቴ መጀመሪያ ያለችኝ ይህንኑ ነው። ቁልፉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእናንተ ስልክ እና በገጹ መካከል የሚያልፈውን መረጃ መሃል ላይ ሆኖ የሚያነብ የለም። ገጹ የማን እንደሆነ አይናገርም። ሌባም ቤቱን ይቆልፋል።

ቁልፉን የሚያስገኘው ማረጋገጫ ዛሬ በነፃ ይገኛል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለጠየቀ ሁሉ ያድላል። ይህ ለኢንተርኔት ትልቅ ውለታ ነው፤ ግን ለአጭበርባሪውም እኩል ደረሰው። ጉግል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 የቁልፉን ምልክት ከአድራሻው ጎን አንስቶ በሌላ ምልክት ተካው። ምክንያቱ ሰው ምልክቱን የታማኝነት ማኅተም አድርጎ ማየቱ ነው። አድራሻው ጎን «ኖት ሴኪዩር» (አስተማማኝ አይደለም) ከተባለ ግን አሁንም መጥፎ ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ፓስወርድ አትጻፉ።

«የባንኩ ስም አድራሻው ላይ አለ፣ ስለዚህ የባንኩ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያስበላን ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የእኛ አገር ስም እንዴት ነው የሚነበበው? መጀመሪያ የልጅ ስም፣ ቀጥሎ የአባት። የዌብሳይት አድራሻም እንደዚያው ነው። ባለቤቱ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። አክስቴ የከፈተችው ገጽ አድራሻ አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ «ባንክ.ኢቲ.ስጦታ.ቶፕ»፣ ከዚያ እዝባር (/)፣ ከዚያ ረጅም ዝባዝንኬ። የመጀመሪያውን እዝባር ፈልጉ (መነሻው ላይ «https://» ካለ እሱን አትቁጠሩት)። ከእሱ በኋላ ያለውን እርሱት። ከእዝባሩ ወደ ግራ ተመለሱና «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አባቱ «ስጦታ.ቶፕ» ነው። «ባንክ.ኢቲ» የሚለው አባቱ ለልጁ ያወጣው ስም ነው። ማንም ሰው ለልጁ የፈለገውን ስም ማውጣት ይችላል፤ ከልካይ የለውም።

የኢትዮጵያ መለያ የሆነው የአድራሻ መጨረሻ «ዶት ኢቲ» ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ «ጎቭ ዶት ኢቲ»። መጨረሻ ላይ ማለት ግን መጨረሻ ላይ ነው። መሃል ላይ የተሰነቀረ «ኢቲ» ምንም ዋጋ የለውም። በስልክ ችግሩ ይብሳል፤ ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ረጅም አድራሻ ይቆረጣል። አድራሻውን ነክታችሁ እስከ ጫፉ ጎትቱት።

ይህን እያወቁም ዓይን ይሸወዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የደህንነት ተመራማሪ የአፕልን ስም ሩስያኛ በሚጻፍበት በሲሪሊክ ፊደል ጽፎ አድራሻ አስመዘገበ። በክሮም እና በፋየርፎክስ ላይ ከእውነተኛው አይለይም ነበር። የእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ይለያያል። እዚያ ግን መልኩ አንድ ሆኖ ፊደሉ ተለየ። ክሮም ብዙም ሳይቆይ አስተካከለው፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም። ገንዘብ ወይም ፓስወርድ ያለበት ገጽ ከሆነ በተላከላችሁ ሊንክ አትሂዱ። አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ፣ ወይም የባንኩን አፕ ክፈቱ። ፓስወርድ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ እሱ መልክ አያይም፤ አድራሻውን ብቻ ያወዳድራል። ሁልጊዜ የሚሞላላችሁ ፓስወርድ አልሞላ ካለ ቆም በሉ።

«ሐሰተኛ ገጽ በፊደል ስህተቱ ይታወቃል»

ድሮ እውነት ነበር። አማርኛው የማሽን ትርጉም ይመስል ነበር። አሁን ጽሑፉን የሚያቃናላቸው ቴክኖሎጂ አላቸው፤ ገጹንም ከእውነተኛው እንዳለ ይገለብጡታል።

«ጉግል ላይ መጀመሪያ የመጣው ትክክለኛው ነው»

መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው። አጠገቡ በትንሹ «ስፖንሰርድ» ተብሎ ይጻፋል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አጭበርባሪዎች በዚህ መንገድ የታወቁ ድርጅቶችን መስለው እንደሚቀርቡ አስጠንቅቋል።

የዲቪ ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። የመንግሥት የሚመስሉ፣ ባንዲራ የለጠፉ ገጾች ስንቱን አስከፍለዋል። የአሜሪካ መንግሥት ገጽ መጨረሻው «ዶት ጎቭ» ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ «ዲቪ ደርሶዎታል» የሚል ኢሜይል እንደማይልክ ለዓመታት ሲናገር ኖሯል። ውጤት የሚታየው በራሱ ገጽ ላይ፣ በማረጋገጫ ቁጥር ነው። አንድ ሰው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ከተሞላለት ደግሞ ሁለቱም ይሰረዝበታል። በአጭበርባሪው ገጽ በኩል ከሞላችሁ ብራችሁ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ዕድላችሁም ሊሄድ ይችላል።

«የላከልኝ የማውቀው ሰው ነው»

ለአክስቴ የላከችላት የማኅበር ጓደኛዋ ናት። ሴትየዋ ክፉ አስባ አይደለም። እሷም ከሌላ የምታምነው ሰው ነው የደረሳት። ገጹ «ለ20 ሰው ላኩ» የሚለው ለዚህ ነው፤ የእኛን መተማመን ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ይብሳል። «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ በናትህ ድምፅ ስጥልኝ» የሚል መልእክት ከጓደኛ ይመጣል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ከዚያ «የደረሰህን ኮድ አስገባ» ይላል። ያ ኮድ የድምፅ መስጫ አይደለም፤ የቴሌግራማችሁ መግቢያ ነው። ካስገባችሁ አካውንቱ ይያዛል። ቀጥሎ በእናንተ ስም ለእናታችሁ ሳይቀር «ቸግሮኛል፣ ትንሽ ብር ላኪልኝ» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ደውሉና ድምፁን ስሙ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«እኔ ምን አለኝና ነው የሚሰርቁኝ?»

ስም አላችሁ። የሚያምናችሁ ሰው አለ። ከላይ እንዳያችሁት የሚፈልጉት እሱኑ ነው።

«አንዴ ከገባሁ አለቀልኝ»

አላለቀም፤ ግን ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የባንክ ፒን ወይም ኮድ ከሰጣችሁ ወዲያው ለባንኩ ደውሉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ 951። እፍረት ይዟችሁ እስከ ማታ አትቆዩ። ያንን ፓስወርድ ሌላ ቦታም የምትጠቀሙበት ከሆነ ሁሉም ጋ ቀይሩት።

ቴሌግራም ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። ቴሌግራም ገና አሁን የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም። ስለዚህ ቶሎ ከነቃችሁ ዕድሉ በእናንተ እጅ ነው። ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሩ፤ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ተጨማሪ ፓስወርድ ይጠይቃል።

አክስቴ ያን ቀን የሰጠችው ስሟንና ስልክ ቁጥሯን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ለ14ቱም መደወል ጀመረች። «እንዳትከፍቱት፣ ውሸት ነው» እያለች፣ አንድ በአንድ። ሰባተኛዋ ስታነሳ ግን ለ20 ሰው ልካ ጨርሳ ስጦታውን እየጠበቀች ነበር።