የልብ ሕመምን ለመቀነስ የሚደረገው ዓለም አቀፍ ትብብር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2019 ብቻ 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመሞች ሞተዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። አገሮች ይህን ሞት ለመቀነስ በጋራ ስለሚሠሩት ሥራ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ግን ከእውነታው የራቁ ስለሆኑ፣ መታረም ይገባቸዋል።

«የልብ ሕመም የሀብታም አገሮች ችግር ነው።»

ከሟቾቹ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የትንባሆ አጫሾች ቁጥር በመቀነሱና የደም ግፊት ሕክምና በመስፋፋቱ ሞቱ ለአሥርተ ዓመታት ሲወርድ ቆይቷል።

«ትብብር ማለት የውጭ ሐኪሞች መጥተው ቀዶ ሕክምና ማድረጋቸው ነው።»

ይህ አመለካከት ከባዶ አልተነሣም። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ መርጃ ማዕከል ታማሚ ልጆችን ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ አገር እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በተሠራው የልብ ሕክምና ማዕከል የውጭና የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጎን ለጎን መሥራት ጀመሩ። በእስራኤል በሆሎን ከተማ ሕፃናትን የሚያክመው «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት» የተባለው ድርጅትም በ1995 ሥራውን የጀመረው በሁለት ኢትዮጵያውያን ልጆች ነው። በእነዚህ ሥራዎች የብዙ ልጆች ሕይወት ተርፏል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል።

ከእነዚህ ልጆች የብዙዎቹ ሕመም ግን መነሻው ቀላል ነው። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል፤ ትኩሳቱ ሲደጋገም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርጉት የልብ በሮች (ቫልቮች) ይጠባሉ ወይም በትክክል መዘጋት ያቅታቸዋል፤ ይህም የሩማቲክ ልብ ሕመም ይባላል። ጉሮሮውን ያመመው ልጅ እንጥሉን ቢቆረጥ ባክቴሪያው አይጠፋም፤ የሚያጠፋው ፔኒሲሊን ነው። አንድ ጊዜ ትኩሳቱ የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት መወጋት አለበት።

ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ቀዶ ሕክምና ላይ ከተደረሰም ነገሩ በዚያ አያበቃም። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባላት ወጣት ደሟ እንዳይረጋ ዕድሜዋን ሙሉ ዋርፋሪን መውሰድና ደሟን በየጊዜው መመርመር አለባት፤ ስትፀንስ ይኸው መድኃኒት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ብታቆመው ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ለሕይወቷ ያሰጋታል። ስለዚህ በእኔ እምነት፣ በየጤና ጣቢያው ያለማቋረጥ ፔኒሲሊን እንዲገኝ የሚያደርግ ትብብር ከማንኛውም የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ይቀድማል።

«ደም ግፊት ያለበት ሰው ይታወቀዋል፤ ሕክምናውም ስፔሻሊስት ይፈልጋል።»

አብዛኛው ሰው ምንም ሳያመው ግፊቱ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ አንዳንዱ የሚያውቀው ስትሮክ ከጣለው በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ደም ግፊት ካለባቸው አምስት ሰዎች አራቱ ያህል በቂ ሕክምና አያገኙም። በ2016 ድርጅቱ ከአጋሮቹ ጋር የጀመረው «ግሎባል ኸርትስ» የተባለው ዕቅድ የተነደፈው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሁሉም ታካሚ በአንድ ግልጽ የሕክምና መመሪያ ይታከማል፦ የትኛው መድኃኒት በቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ ግፊቱ ካልወረደ መጠኑ እንዴት እንደሚጨመር፣ ቀጥሎ ምን እንደሚታከል በመመሪያው ስለተቀመጠ፣ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ክትትሉን ማካሄድ ይችላሉ። እንደ አምሎዲፒን ያሉት መድኃኒቶችም ርካሽ ናቸው።

«ስምምነቶች ወረቀት ብቻ ናቸው።»

በ2003 የጸደቀውን ዓለም አቀፍ የትንባሆ ቁጥጥር ስምምነት ኢትዮጵያ በ2014 ተቀብላለች፤ በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሎ፣ በፓኬቱ ላይ 70 በመቶ የሚሸፍን ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዟል። ትራንስ ፋት የተባለውን በፋብሪካ የሚፈጠር ስብ ለማጥፋት በ2018 በቀረበው ዓለም አቀፍ ጥሪ መሠረትም፣ ዴንማርክ፣ ሊትዌንያ፣ ፖላንድ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ታይላንድ ይህን ስብ ከምግብ ለማስወገድ በሠሩት ሥራ በ2024 መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹን ማረጋገጫዎች ከዓለም ጤና ድርጅት ተቀብለዋል።

«አፍሪካ በዚህ ትብብር ተቀባይ ብቻ ናት።»

ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ ካስተባበሯቸው ጥናቶች አንዱ የሆነው «ሬሜዲ» ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን፣ የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። በ2022 የታተመው «ኢንቪክተስ» የተባለው ጥናት ደግሞ ከእነዚህ ሕሙማን መካከል የልብ ምታቸው በተዛባባቸው (ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ባለባቸው) ላይ፣ እንደ ዋርፋሪን ያሉት አሮጌና ርካሽ የደም መርጋት መከላከያዎች ለዚሁ ዓላማ ከሚሰጠው ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን የተሻሉ መሆናቸውን በማሳየቱ፣ ውጤቱ በየትኛውም አገር ያሉ ሐኪሞችን የሚመለከት ሆኗል።

በ2015 ባለሙያዎች በአፍሪካ ኅብረት ጥሪ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የሩማቲክ ልብ ሕመምን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት ሰባት ተግባራትን አስቀምጠዋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ ሕመም ላይ ውሳኔ አሳልፏል። ከሰባቱ አንዱ ጥራት ያለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በበቂ መጠን እንዲቀርብ ማድረግ ነበር። መድኃኒቱን የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ጥቂት በመሆናቸው፣ አንዱ ሲያቆም እጥረቱ በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ይከሰታል፤ አንድ አገር ብቻውን ሊፈታው የማይችለውም ለዚህ ነው።