«አፕዴት አበላሸብኝ»፦ ሱቄ ውስጥ የምሰማቸው ቅሬታዎችና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ጽሑፍም እተይባለሁ። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም ወዲህ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው አንድ ዓይነት ቅሬታ አለው። «ዊንዶው አፕዴት አደረገና አበላሸብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቆመ፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ሰውም ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ጀመረ። አንዳንዱ ወዶ፣ አንዳንዱ ልጁ ነካክቶበት፣ አንዳንዱ ደግሞ «አዲሱን ልጫንልህ» ተብሎ። ወሬው ከዚያ በኋላ ተከተለ።

የሰውን ንዴት በደንብ እረዳለሁ። ስንት ወር ቆጥቦ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ስክሪኑ ሲጠቁርበት መደንገጡ ያለ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሆኖ አፕዴቱ ይከሰሳል። ከዚያ ሰውየው አፕዴት የሚባል ነገር እስከነአካቴው ያዘጋል። በዚህም ራሱን ለባሰ ነገር ያጋልጣል።

«የአማርኛ ፋይሌን አጠፋው»

ይሄኛውን በደንብ ላስረዳ፤ እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ጉዳይ ነውና።

አንዲት መምህርት ከኮዬ ፈጬ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ዝናብ ነበር። ቁጭ ሳይሉ «እስኪ እየው ልጄ፣ የስንት ዓመት ፈተናዬ ነው» አሉኝ። ፋይሉን ከፈትኩት። ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። የቃለ አጋኖ፣ የመደመር፣ የቅንፍ ክምር። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። «አዲሱ ዊንዶው ቫይረስ አለው አሉኝ» አሉ።

ፋይሉ ምንም አልሆነም ነበር። መምህርቷ የሚጽፉት በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝም ያሉት፣ የተሠሩት የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የየራሳቸውን ቁጥር በሚያገኙበት የጋራ ሥርዓት) የራሱ ቦታ ከማግኘቱ በፊት በነበረው ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩ «ሀ» ብሎ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው አንድ የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው። የሀን መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው ምልክት ፊት ለፊት ይወጣል።

ታዲያ ፎንቱ የት ሄደ? ዊንዶውስ 11ን የጫነላቸው ልጅ አፕዴት አላደረገም። ሲ ድራይቩን ፎርማት አድርጎ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ጠርጎ ነው እንደ አዲስ የጫነው። የዲ ድራይቩ ፋይል ተረፈ። ሲ ድራይቭ ላይ የነበረው ፎንት ግን አብሮ ተጠረገ። በትክክለኛው አፕዴት ብንሄድ ኖሮ ፋይሉም፣ ፕሮግራሙም፣ ፎንቱም ባለበት ይቆይ ነበር። አፕዴትና ፎርማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እባካችሁ ላፕቶፕ ስትሰጡ የትኛው እንደሚደረግላችሁ ጠይቁ።

ፎንቱን ከፍላሼ ጫንኩት። ፋይሉን ዘግቼ ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ስም» የሚለው ወጣ፣ ቀጥሎ ረጅም ሰረዝ፣ ከዚያ «ክፍል 7ኛ»። መምህርቷ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። «ኒያላ ፎንት ጠፋ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ዘመን ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ተጭኖ ይመጣ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን እንደ አዲስ ሲጫን ለብቻው የሚጨመር ሆኗል። ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» የሚለውን ግቡና «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ፤ ይመለሳል። እሱ ባይኖርም ኢብሪማ የሚባለው ፎንት አማርኛን ያሳያል።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አሁንም በድሮው ፎንት የምትጽፉ ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ ፎንት ተሻገሩ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዊንዶው ቢቀየርም፣ ስልክ ላይ ቢከፈትም አማርኛ ነው።

«ዊንዶውስ 10 ስለተዘጋ ኮምፒውተሩ መሥራት ያቆማል»

አያቆምም። ዛሬም ይነሳል፣ ዎርድም ይከፍታል፣ ያትማልም። የቆመው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደህንነት ጥገና ነው። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንላችሁ የለም ማለት ነው።

ለግለሰብ ተጠቃሚ ተጨማሪ አንድ ዓመት ተሰጥቷል፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም። ክፍያው 30 ዶላር ነው። እኛ አገር በዶላር መክፈል እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ነገር ግን በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የሴቲንጉን ባክአፕ ለሚያበራ ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል። ማመልከቻው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው ያለው። ይህን ሳያውቅ ላፕቶፑን በርካሽ ሊሸጥ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል። አትሽጥ አልኩት።

«አይችልም ቢልም በግድ ይጫንልኝ»

ዊንዶውስ 11 ከ4 ጊጋ ራምና ከ64 ጊጋ ዲስክ በተጨማሪ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። እኛ ሰፈር በብዛት ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ነው። በግድ መጫኛ መንገድ አለ፤ እኔም አውቀዋለሁ። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላለ ማሽን አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። ደህንነት ፈልጋችሁ ተሻግራችሁ ደህንነቱን ታጣላችሁ።

ሆኖም ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አስነሱ። አንዳንዱ ላፕቶፕ ቺፑ አለው፣ ባዮስ (ከዊንዶው በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ጠፍቶ ነው። ማብራት ብቻ ይበቃል።

«ላፕቶፔን አንቀራፈፈው»

ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ዊንዶውስ 11 ከ10 ይከብዳል። በ4 ጊጋ ራም ይነሳል እንጂ አያሠራም። ግን ሱቄ ከሚመጡት አብዛኞቹ ላይ ዋናው ችግር የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ታስክ ማናጀር ስከፍት ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰክቷል። ኤስኤስዲ በሚባለው የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ቀይሩት፣ ያው ላፕቶፕ ሌላ ይሆናል። ደግሞ ከትልቅ አፕዴት በኋላ ኮምፒውተሩ ፋይሎቹን እንደገና ሲመዘግብ አንድ ሁለት ቀን ይጎተታል። ያንን ጊዜ ሳትታገሱት አትፍረዱበት።

ከነጭራሹ ካልተስማማችሁስ? ከ10 ወደ 11 ከተሻገራችሁ በኋላ 10 ቀን አላችሁ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» አለ። «ሲ ድራይቭ ሞላብኝ» የምትሉትም ለዚሁ ሲባል የድሮው ዊንዶው ተቀምጦ ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ይጠፋል።

«ክራክ መሆኑ ይታወቅና ይቆልፉብኛል»

በሹክሹክታ የምጠየቀው ነገር ነው። ክራክ የሚባለው ያለ ፈቃድ የተከፈተ ዊንዶው ነው፤ የሚከፍተው ፕሮግራምም እንዲሁ ይባላል። መልሱ፦ አይቆልፉባችሁም። ያልተመዘገበ ዊንዶው ጥግ ላይ «አክቲቬት» የሚል ጽሑፍ ያወጣል፣ ዎልፔፐር መቀየርን ይከለክላል። የደህንነት አፕዴቱን ግን ያገኛል።

አደጋው ያለው ክራኩ ራሱ ላይ ነው። የማይታወቅ ፕሮግራም ሲጫን መጀመሪያ የሚለው «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። በሩን ከፍታችሁ ዘበኛውን ወደ ቤቱ እንደመሸኘት ነው። ከዚያ በኋላ የባንክ አካውንታችሁን በዚያ ላፕቶፕ ትከፍታላችሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከፋብሪካ ዊንዶው ተጭኖባቸው የወጡ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ያገለገለ ቢሆንም። ትክክለኛውን ዓይነት፣ ማለትም ሆም ከሆነ ሆም፣ ብትጭኑ ራሱ ይመዘገባል። ሆም ቁልፍ ባለው ላፕቶፕ ላይ ፕሮ ጭነው በክራክ የሚሞሉ ባለሙያዎች አሉ። ባለቤቱ ኦሪጅናል እያለው ክራክ ይዞ ይዞራል። ሳየው ያናድደኛል።

«መብራት ከጠፋ ያበቃለታል»

የከተማው ዳር ላይ ስለምንኖር ይሄ ፍርሃት ተገቢ ነው። አፕዴቱ 60 በመቶ ላይ ሆኖ መብራት ድርግም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተጠናቀቀውን አይቶ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ስክሪኑ ላይ ለውጡን እየቀለበስኩ ነው የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ያኔ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቆየብኝ ብሎ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ይይዛል። አትንኩት። አንድ ሰዓት ይፍጅ።

የባዮስ አፕዴት ግን ሌላ ነው። እሱ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ማዘርቦርዱን ሊገድል ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል ከሚሰጠው ባትሪ ውጭ፣ አትሞክሩት።

«ፓኬጄን ይበላል»

ይበላል። ግን ማስቆም ይቻላል። ከስልክ ሆትስፖት ስትጠቀሙ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ከዚያ አብዛኛውን አፕዴት ሳያስፈቅድ አያወርድም። ቤታችሁ ወይም ቢሮ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ካለ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውን አብሩ፤ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ከዚያ ውጭ ደግሞ ሁሉም ዓመታዊ አፕዴት ግዙፍ አይደለም። 24ኤች2 በሚባለው የ2024 እ.ኤ.አ. የዊንዶውስ 11 እትም ላይ ላለ ሰው የ2025ቱ እትም 25ኤች2 ትንሽ ማብሪያ ፋይል ናት።

«አፕዴት ኤስኤስዲ ይገድላል፤ ዘግቶ መቀመጥ ይሻላል»

በ2025 እ.ኤ.አ. ኦገስት ላይ የወጣው የዊንዶውስ 11 አፕዴት ኤስኤስዲ ያጠፋል የሚል ወሬ ዓለምን አዳርሶ እኛም ሰፈር ደረሰ። የኤስኤስዲ ቺፕ የሚሠራው ፊሰን ከ4,500 ሰዓት በላይ ፈትሾ ችግሩን መድገም እንዳልቻለ ተናገረ። ማይክሮሶፍትም ግንኙነት አላገኘሁም አለ።

አፕዴት ጥፋት አይሠራም እያልኩ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ፋይል በእርግጥ አጥፍቶ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ሥርጭቱን አቆመው። ስለዚህ ሥራችሁ የሚያርፍበት ኮምፒውተር ከሆነ ትልቁን አፕዴት ጥቂት ሳምንት አዘግዩት፣ ፋይላችሁንም ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ማዘግየት ግን መዝጋት አይደለም። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ግንቦት 2009 ዓ.ም ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ሲገባ መከላከያው ከወጣ ሁለት ወር ሞልቶት ነበር። በዋናነት የተመቱት አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው።

«ሰማያዊ ገጽ መጥቶ 48 ቁጥር ይጠይቀኛል፤ ተጠልፌያለሁ»

የመጨረሻው ይሄ ነው፤ በጣም የሚያመኝም እሱ ነው። አልተጠለፋችሁም። ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ መቆለፊያ ነው። አዳዲሶቹ ዊንዶውስ 11ዶች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ሳይጠይቃችሁ ሊበራ ይችላል። ላፕቶፕ ቢሰረቅ ሌባው ፋይል እንዳያይ ነው። የባዮስ አፕዴት ወይም የዕቃ ለውጥ ሲያይ ባለቤቱ መሆናችሁን ለማረጋገጥ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ የተቀመጠው በአካውንታችሁ ውስጥ ነው።

ጣጣው አካውንቱ የማን እንደሆነ ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ስትገዛ ሻጩ «ጨርሼ ልስጥሽ» ብሎ በራሱ ኢሜይል ከፍቶላታል። ቁልፉ እሱ ጋ ሄደ። ከዓመት በኋላ ገጹ ሲመጣ ደወልንለት፤ ያን ኢሜይል ትቶታል፣ ፓስወርዱንም አያስታውስም። የመመረቂያ ጽሑፏ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነበር። ያለ ቁልፉ ማንም ሊከፍተው አይችልም። እኔም አልቻልኩም።

ዛሬ ማታ ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ግቡ። «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በርቶ ከሆነ በየትኛው አካውንት እንደገባችሁ እዩ። የእናንተ ካልሆነ ቁልፉን ዛሬውኑ አውጡና በወረቀት ጻፉ።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት የታናሽ ወንድሟን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ቁልፉን አወጣንላት። ደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈችው፣ ከዚያ በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካች 48ቱንም ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው።