ስቲምፓንክ፦ ባርኔጣና መነጽር ብቻ ነው ያለው ማነው?

ስቲምፓንክ የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ምስሉን የሆነ ቦታ አይቶታል። ረጅም ባርኔጣ፣ የበያጅ የሚመስል መነጽር፣ የነሐስ ቱቦ፣ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ መርከብ። ሐሳቡ ቀላል ነው። «ስቲም» በእንግሊዝኛ እንፋሎት ማለት ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ማሽን ባይሻር፣ ቤንዚንና ፕላስቲክም ዓለምን ባይወርሱ ኖሮ ኑሯችን ምን ይመስል ነበር? ከዚህ ጥያቄ ልብወለድ ወጣ፣ ጌም ወጣ፣ ጌጣጌጥ ወጣ፣ በየዓመቱ ሰው የሚሰባሰብበት በዓልም ወጣ። ከነሱ ጋር ብዙ የተሳሳተ ወሬም አብሮ ወጣ። ደጋግመው የሚሰሙትን ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የመጣ ጥንታዊ ነገር ነው»

መልኩ የዚያ ዘመን ነው፤ ነገሩ ግን የ1980ዎቹ ልጅ ነው። ስሙን ያወጣው ኬ. ደብሊው. ጂተር የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ ሲሆን፣ ያወጣውም 1987 ላይ ሎከስ ለተባለው የሳይንስ ልብወለድ መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ ነው። እሱና ሁለት ጓደኞቹ፣ ቲም ፓወርስና ጄምስ ብሌይሎክ፣ በቪክቶሪያ ዘመን ላይ የተመሠረቱ እንግዳ ታሪኮች ይጽፉ ነበር። ያኔ ወሬው ሁሉ ስለ ሳይበርፓንክ፣ ማለትም ስለ መጪው የኮምፒውተር ዓለም ስለሚተርከው የልብወለድ ዘርፍ ነበር። ጂተርም ለእኛም ስም ይውጣልን ብሎ፣ ግማሽ በቀልድ፣ «ስቲምፓንክ» አለ። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ።

ታዲያ የቀድሞዎቹ የሳይንስ ልብወለድ ደራሲዎች፣ ፈረንሳዊው ዡል ቬርንስ? እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስስ? እነሱ አያቶቹ ናቸው። ቬርን ስለ አሮጌ ማሽን አልጻፈም። በራሱ ጊዜ ገና ትኩስ ስለነበረው ቴክኖሎጂ፣ ገና ሊመጣ ስላለውም ነው የጻፈው። ዛሬ ስቲምፓንክ የሚሠራ ሰው ግን ወደ ኋላ ዞሮ ያልተኬደበትን መንገድ ነው የሚያየው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

«እንፋሎት ከሌለው ስቲምፓንክ አይባልም»

እንዲህ ከሆነ የዘርፉ ታላላቅ ሥራዎች ግማሹ ሊባረሩ ነው። ቬርን በ1870 ያሳተመው የካፒቴን ኔሞ ሰርጓጅ መርከብ፣ ናውቲለስ፣ የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪዎቹ በሶዲየምና በሜርኩሪ እንደሚሠሩ ደራሲው ራሱ ያብራራል። 2012 ላይ የወጣው ዲስኦነርድ የተባለው ጌም ከተማውን በሙሉ የሚያንቀሳቅሰው በዓሣ ነባሪ ዘይት ነው። በፈረንሳይዋ ናንት ከተማ፣ በድሮው የመርከብ መሥሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከ2007 ጀምሮ የሚመላለስ ከእንጨትና ከብረት የተሠራ ዝሆን አለ። ቁመቱ 12 ሜትር ነው፤ ክብደቱ ከ48 ቶን አያንስም፤ ሰው ጀርባው ላይ ተሳፍሮ ይዞራል። ከኩምቢው ውኃ ይረጫል። የሚነዳው ግን በዘመናዊ ሞተር ነው።

የእንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅ የቻርልስ ባቤጅን ታሪክ ደግሞ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ባቤጅ በ1840ዎቹ መጨረሻ የነደፈው ሁለተኛው ዲፈረንስ ኤንጅን፣ በጥርሳማ ጎማዎች ሒሳብ የሚያሰላ ማሽን፣ በሕይወቱ ሳለ አልተሠራለትም። ሰውዬው ያለመው የማይሆን ነገር ነው ተብሎ ብዙ ታምቷል። የለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም የባቤጅን ንድፍ ተከትሎ የማስያ ክፍሉን በ1991፣ የማተሚያ ክፍሉን በ2002 ጨረሰ። 8,000 ያህል ክፍሎች ያሉት፣ 5 ቶን የሚመዝን ማሽን። ሠራ! እንፋሎት ግን የለውም፤ ዳር ላይ ቆሞ በእጅ የሚያዞረው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

እንግዲህ የሚያመሳስላቸው እንፋሎቱ አይደለም። ሥራው በዓይን መታየቱ ነው። የትኛው ጥርስ የትኛውን እንደሚገፋ ቆመህ ታያለህ። የእጅ ስልክህን ብትከፍተው ግን ምኑ ምን እንደሚሠራ በዓይን የሚገባህ ነገር የለም። ብዙ ሰው ወደ ስቲምፓንክ የሚሳበው በዚህ ይመስለኛል።

«ዕቃዎቹ ለፎቶ ብቻ ናቸው፣ አይሠሩም»

የማይሠሩ ሞልተዋል፣ አልዋሽም። ግን ጄክ ፎን ስላት በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ በ2007 የሠራው ኪቦርድ ሙሉ በሙሉ ይተየብበት ነበር። አሮጌ የአይቢኤም ኪቦርድ ወስዶ፣ ፕላስቲኩን በነሐስ ተካ፤ ቁልፎቹን ደግሞ ከድሮ የጽሕፈት መኪና አመጣ። አሠራሩንም ደረጃ በደረጃ ለሁሉም አሳየ። ከ2009 መጨረሻ እስከ 2010 መጀመሪያ ደግሞ የኦክስፎርድ የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም የስቲምፓንክ ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶ ነበር። ዕቃዎቹ የቀረቡት ጥንታዊ የሥነ ፈለክ መሣሪያዎችና ሰዓቶች በሚገኙበት በዚያው ቤት ነው። ሙዚየሙ ለፎቶ ብቻ ብሎ ያን ሁሉ አይደክምም።

«ጌሞቹ ውስጥ ያለው ነሐስ ጌጥ ነው፣ ቢነሣም ጌሙ ያው ነው»

ስለ ብዙዎቹ እውነት ነው። ስለ ጥቂቶቹ ግን ፈጽሞ አይደለም። ፍሮስትፓንክን ውሰዱ። በ2018 የዋርሶው ኢሌቨን ቢት ስቱዲዮስ ያወጣው ነው። ዘመኑ 1886፣ ምድር በበረዶ ተውጣለች። የመጀመሪያውን ታሪክ ስትጀምር 80 ሰው ይዘህ አንድ ትልቅ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ዙሪያ ትሰፍራለህ። ቤቱም፣ ሕክምናውም፣ ማብሰያውም ምድጃውን ከብቦ ነው የሚሠራው፤ ከሱ የራቀ ይቀዘቅዛል። ከሰል አለቀ ማለት ሰው አለቀ ማለት ነው።

ጌሙ ልብ የሚነካው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሠራተኛ ሲያጥርህ ሕግ ታወጣለህ። ልጆች ይሥሩ ወይስ መጠለያ ይግቡ? ፈረቃው 24 ሰዓት ይሁን? ምግቡ በመጋዝ ብናኝ ይበርክት? እነዚህ የጨዋታ ፈጠራ ብቻ አይደሉም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ፋብሪካዎችና የማዕድን ጉድጓዶች ልጆች በእርግጥ ይሠሩ ነበር፤ ዳቦም ባዕድ ነገር ይደባለቅበት ነበር። ምድጃውን ከጌሙ አውጣና ምን ይቀራል? ምንም። በ2024 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ከሰሉን ትቶ ወደ ነዳጅ ዘይት ሲሻገር፣ የከተማው ጠብም አብሮ ነው የተቀየረው።

ከዚያ በፊት 2001 ላይ የወጣው አርኬነም ሌላ ብልሃት ነበረው። እዚያ ዓለም ላይ አስማትና ማሽን አይስማሙም። አስማቱ የበረታ ሰው ባቡር ልሳፈር ቢል ሞተሩን ያበላሽብናል ተብሎ ይመለሳል። ሳቅ ያስይዛል፤ ግን ሙሉው ጨዋታ በዚህ ሕግ ላይ ነው የቆመው። ስፔስ 1889 የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ደግሞ በ1988፣ ስሙ በወጣ ማግሥት ማለት ይቻላል፣ አውሮፓውያኑን ማርስ ድረስ ቅኝ ሊገዙ ልኳቸዋል።

«ጥርሳማ ጎማ የተለጠፈበት ሁሉ የስቲምፓንክ ጌጥ ነው»

ይሄ ሠሪዎቹን ራሳቸውን የሚያናድድ ነው። የአንገት ሐብል ላይ በማስቲሽ የተጣበቀ፣ ከሌላ ጥርስ ጋር የማይገጥም፣ የትም የማይዞር ጎማ። ጥሩ ሠሪ ቢያንስ ሊሠራ የሚችል ያስመስለዋል። የተሻለው በእርግጥ ያሽከረክረዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ እምነት አለ፦ «ሰዓቱ እንደሆነ ሞቷል፣ ቢፈታ ምን ይጎዳል?» ሰዓት ሠሪዎች ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። እንዲህ የሚሉትም ያልተሳሳቱበት ነገር አለ። የድሮ የኪስ ሰዓቶች ብዙዎቹ የወርቅ ሽፋናቸው ለወርቁ ሲባል ቀልጦ፣ የውስጥ ሞተራቸው ብቻ ቀርቷል። እነዚያን ለጌጥ ማዋል ብዙም አይከፋም። ሽፋኑ ያለውን፣ ሊጠገን የሚችለውን መፍታት ግን ለአንድ ጉትቻ ሲባል የሌላ ሰዓት መለዋወጫ ማጥፋት ነው። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስዶ መጠየቅ አይከብድም።

የባሰው ግን ጤናን የሚነካው ነው። ከ1910ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በጨለማ የሚያበሩ ብዙ ሰዓቶች ቁጥራቸው ጨረር በሚያመነጭ የራዲየም ቀለም ይቀባ ነበር። ቀለሙን የሚቀቡት ሴት ሠራተኞች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ነበር፤ በአሜሪካ ብዙዎቹ መንጋጋቸው እየበሰበሰ፣ አጥንታቸው እየተሰበረ ሞተዋል። አሁን «አያበራም፣ ስለዚህ ኃይሉ አልቋል» የሚል አለ። አላለቀም። ያለቀው ብርሃን የሚሰጠው ሌላው ንጥረ ነገር ነው። የራዲየሙ ግማሹ እንኳ ለማለቅ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። ሰዓቱ እንደተዘጋ ቢቀመጥ ያን ያህል አያሰጋም። ከፍተህ ስትፍቀው ግን ብናኙ ይነሣል፤ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ላይም ያርፋል። ቁጥሮቹ ቡናማ ወይም ቢጫ ሆነው የተቃጠለ የሚመስሉ፣ ድሮ በጨለማ ያበራ የነበረ ሰዓት ካገኘህ አትክፈተው። ጌጡ ይቅር።

«ነሐስ ቆዳን አረንጓዴ ካደረገ መርዝ ነው» የሚለው በአንጻሩ ተራ ፍርሃት ነው። ነሐስ ውስጥ ያለው መዳብ ከላብ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ይሆናል፤ ታጥቦ ይለቃል። ቀለበቱን ከውስጥ ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም መቀባት ይበቃል። የሚያሳክክና ሽፍ የሚያደርግ ከሆነ ግን ምናልባት ኒኬል አለበት፤ እሱን ማውለቅ ነው።

«ስብሰባቸው የሀብታሞች የአልባሳት ውድድር ነው»

በእንግሊዝ ሊንከን ከተማ ከ2009 ጀምሮ አሳይለም የሚባል የስቲምፓንክ ፌስቲቫል ይካሄዳል። ባህላዊ ጨዋታው ምን መሰላችሁ? የሻይ ፍልሚያ! ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው አምስት እስኪቆጠር ይቆያሉ፤ ከዚያ አውጥተው ይይዙታል። መጀመሪያ የበላ ይሸነፋል፤ ብስኩቱ ተቆርሶ የወደቀበትም ይሸነፋል። ቆይቶ፣ ሳያንጠባጥብ አፉ ያስገባ አሸነፈ። ዳኛ አለው፣ ሕግ አለው፣ ክርክር አለው። ቡናውን በፈንዲሻ ለሚጠጣ ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል፤ ወጪው ግን የብስኩት ዋጋ ነው።

በኒውዚላንድ ኦማሩ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማም አለች። ቤቶቿ በነጭ የኖራ ድንጋይ የተሠሩ የቪክቶሪያ ዘመን ሕንፃዎች ናቸው። በ2011 አንድ የ1883 የእህል መጋዘን «ስቲምፓንክ ኤች ኪው» የተባለ የስቲምፓንክ ማሳያ ቤት ሆኖ ተከፈተ። በ2016 በዚያች ከተማ የተሰበሰቡት ሰዎች በጊነስ መዝገብ የዓለም ትልቁ የስቲምፓንክ ስብስብ ተባሉ። ስንት ነበሩ? 228። አንድ መካከለኛ ሠርግ እንኳ ይበልጠዋል! ይህን ስታስቡ የዓለም ሀብታሞች ክበብ ነው የሚለው ወሬ ያስቃል። ኦማሩ የተመረጠችው ደግሞ በድንጋይዋ ውበት ብቻ አይመስለኝም። ከኒውዚላንድ ወደ እንግሊዝ በ1882 ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው የቀዘቀዘ ሥጋ የታረደው እዚያው አጠገብ ነው። የጫነው መርከብ የሚሄደው በሸራ ነበር፤ ሥጋውን የሚያቀዘቅዘው ግን በከሰል የሚሠራ የእንፋሎት ማሽን ነው። 98 ቀን በባሕር ላይ። እንዲህ ያለውን ማንም ደራሲ ቢፈጥረው አበዛው ይባል ነበር።

«የቅኝ ግዛት ናፍቆት ነው፣ እኛን አይመለከትም»

ይሄ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ግማሽ እውነት ስላለው። የእንግሊዝ መኮንን ልብስ ለብሶ የሚፎክር አለ። ግን ካፒቴን ኔሞን አስታውሱ። ቬርን በኋላኛው መጽሐፉ እንደገለጠው ኔሞ ሕንዳዊ ልዑል ነው፤ የእንግሊዝን አገዛዝ ተዋግቶ ቤተሰቡን ያጣ። በ2016 ደግሞ ኒሲ ሾል የተባለች አፍሪካ አሜሪካዊት ጸሐፊ የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ይገዛት የነበረችው ኮንጎ ሌላ ዕጣ ቢገጥማት ምን ይሆን ነበር ብላ ሙሉ ልብወለድ ጽፋለች።

ዘመኑም የእኛ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት በዚያው የእንፋሎት ዘመን ነው። ናፒየር ወደ መቅደላ ሲመጣ ዙላ ወደብ ላይ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ 44 ዝሆኖች ከሕንድ አስጭኖ ነው። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በድምፅ ቀድታ በፎኖግራፍ ልካለች። ከተሰማ በኋላም ቅጂው እንዲጠፋ ተደርጓል። ባቡር፣ ዝሆን፣ መድፍ፣ በሰም ላይ የተቀዳ የንግሥት ድምፅ፤ ሁሉም በእኛው ታሪክ ውስጥ አለ። ጌም የሚሠራ ወጣት ሎንዶንን ትቶ ከዚህ ቢጀምር እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።

«ለመጀመር ብዙ ብር ይጠይቃል»

አይጠይቅም። ከውጭ የሚመጣው ባርኔጣና ኮርሴት ውድ ነው፤ ግን ማን ግዙ አለ? አዲስ አበባ ላለ ሰው ምናለሽ ተራ አለለት። ቁርጥራጭ ብረት የሚለቀምበትና ከጥቅም የወጣ ቆርቆሮ ወደ ዕቃ የሚለወጥበት ሰፈር ነው። መጀመሪያ የሚገዛው ትንሽ የሰዓት ካቻቪቴ ነው። ከዚያ በእጅ የሚሞላ፣ መሥራት ያቆመ የጠረጴዛ ሰዓት ፈልግ፤ በጨለማ የሚያበራ ቁጥር የሌለው ይሁን። ከመፍታትህ በፊት ግን ዋናው ስፕሪንግ የተጠቀለለ አለመሆኑን አረጋግጥ። ተወጥሮ እያለ ከተለቀቀ ጣት ይቆርጣል፣ ዓይንም ሊያገኝ ይችላል። ያን መነጽር በእርግጥ የሚያስፈልግህ እዚህ ላይ ነው።