አውቀዋለሁ የምንለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እማማ ስልኩን ዘግተው «ተመስገን» አሉ። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራቸው ውጤት መጥቶ ነበር። ከክሊኒክ የደወለው ሰው በፍጥነት ነው ያወራው። ከሁሉ መሃል አንዲት ቃል ጥርት ብላ ተሰማቻቸው፦ «ፖዘቲቭ»። ፖዘቲቭ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው። ፖዘቲቭ ሰው፣ ፖዘቲቭ አስተሳሰብ እያልን አማርኛችን ውስጥ ሳይቀር እንጠቀምበታለን። ለልጃቸው ደውለው «ነጻ ነሽ ብለውኛል» አሏት። የታዘዘላቸው መድኃኒት ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ጨጓራቸው ግን ማቃጠሉን አልተወም።

እኔ ያገኘኋቸው በሚቀጥለው ቀጠሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጉማለሁ። ሐኪሟ «መድኃኒቱን ጨረሱት ወይ?» ስትል እማማ «የምን መድኃኒት?» ብለው ዞረው አዩኝ። ያ ፊታቸው እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። የማያውቀውን ቃል ሰው ይጠይቃል። አውቀዋለሁ የሚለውን ግን አይጠይቅም፤ እዚያ ላይ ይሰናከላል። የሚያሰናክሉን ደግሞ አብዛኞቹ ከትምህርት ቤት ይዘናቸው የመጣናቸው እምነቶች ናቸው። አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ቃሉ ጥሩ ከሆነ ዜናውም ጥሩ ነው»

በምርመራ ቋንቋ ፖዘቲቭ ማለት «የተፈለገው ተገኝቷል» ማለት ነው። የተፈለገው በሽታ ከሆነ፣ የተገኘውም በሽታ ነው። ኔጋቲቭ ሲሉ ነው ተመስገን የሚባለው። ራጅ ወይም ስካን ተነስታችሁ ወረቀቱ ላይ «አንሪማርከብል» የሚል ካያችሁም ደስ ይበላችሁ። ሌላ ቦታ ቃሉ «እዚህ ግባ የማይባል» እንደማለት ነው። ሐኪም ሲጽፈው ግን «የሚያሳስብ ነገር አላየሁም» ማለቱ ነው።

«አኪዩት» እና «ክሮኒክ» የሚሉትም ብዙ ሰው ያስደነግጣሉ። ሁለቱም ስለ ጊዜ ነው የሚናገሩት። አኪዩት በቅርቡ፣ በድንገት የጀመረ ነው። ክሮኒክ ረጅም ጊዜ የቆየ ነው። ጉንፋን አኪዩት ነው፣ ስኳር በሽታ ክሮኒክ ነው። «ዲስቻርጅ» ደግሞ ከሆስፒታል ተሰናብቶ መውጣትም ነው፣ ከቁስል የሚወጣ ፈሳሽም ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊነሱ ይችላሉ።

«አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ፍቺ አለው»

ይህን ያስተማረን ደብተራችን ነው። ገጹ መሃል ላይ መስመር ይሰመራል። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ረን፣ ሮጠ። ቴይክ፣ ወሰደ። ከዚያ ሽምደዳ።

የትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር «ረን» የሚለውን ግስ እንደ አዲስ ሲሠራው 645 ፍቺ አገኘለት። ወራት ፈጅቶበታል። ሰው ሲሮጥ ረን ነው። አፍንጫ ንፍጥ ሲያወርድም ረን ነው። ሱቅ ማስተዳደር፣ ለምርጫ መወዳደር፣ የቧንቧ ውሃ መፍሰስ፣ የሞተር መሥራት፣ ሲታጠብ ቀለሙን የሚለቅ ጨርቅ፣ ሁሉም ረን ነው። በግራ በኩል አንድ ቃል፣ በቀኝ አንድ ቃል የሚጽፍ ደብተር ይህን ከየት ያመጣዋል?

ሰው ይህን ሲሰማ «እንግሊዝኛ ሲያስቸግር!» ይላል። የእኛውን «ቆረጠ» እንየው እስቲ። ሥጋ ይቆረጣል። ትኬትም ይቆረጣል፣ መቀስ ያነሳ ሰው ሳይኖር። ደሞዝ ይቆረጣል። ተስፋ ይቆረጣል። ሆድ ሲቆርጥ ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሳል። ልጁ ቁርጥ አባቱን ነው። ዳር ዳር ሲሉን «ቁርጡን ንገሩኝ» እንላለን። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ «ቁርጥ እንብላ» እንባባላለን። ማናችንም ግራ አይገባንም። አጠገቡ «ሆዴን» ካለ ሆድ ነው፣ «ትኬት» ካለ ጉዞ ነው።

ጆን ፈርዝ የሚባል የእንግሊዝ የቋንቋ ሊቅ በ1957 ይህንኑ ብሏል፦ ቃልን የምታውቀው አብረውት በሚውሉት ቃላት ነው። «ጓደኛህን ንገረኝ፣ ማንነትህን እነግርሃለሁ» የምንለው ለቃልም ይሠራል። «ቻርጅ»ን ውሰዱ። ስልክ አጠገብ ሲሆን ቻርጅ ማድረግ ነው። ሒሳብ መክፈያ ላይ ሲሆን የሚከፈል ዋጋ ነው። ፍርድ ቤት ክስ ነው። ሆስፒታል ውስጥ «ቻርጅ ነርስ» ሲባል ብትሰሙ ግን ክስም ሒሳብም የለበትም። የዚያ ፈረቃ ኃላፊ እሷ ናት ማለት ነው።

ስለዚህ ቃል በደብተር ስትይዙ ከነጎረቤቱ ያዙት። «ቻርጅ» ብቻ አትጻፉ። ያያችሁበትን ዐረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፉ።

«ከባዶቹ ረጃጅሞቹ ቃላት ናቸው»

ተገላቢጦሽ ነው። «ፎቶሲንተሲስ» ረጅም ነው፣ ግን የትም ብታገኙት አንድ ነገር ነው። የሚያደክሙት «ጌት»፣ «ቴይክ»፣ «ፑት»፣ «ብሬክ» የሚባሉት ትንንሾቹ ናቸው። ጆርጅ ዚፍ የተባለ የሃርቫርድ ምሁር በ1945 እንዳሳየው፣ አንድ ቃል አዘውትሮ በተነገረ ቁጥር የሚይዘው ፍቺም ይበዛል። ልጆቻችሁ ረጅም ቃል ሲያነቡ ብቻ አታጨብጭቡላቸው።

«ትክክለኛው ፍቺ መዝገበ ቃላቱ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ነው»

እንደ መዝገበ ቃላቱ ነው። ለተማሪ የሚዘጋጁት ብዙ ጊዜ የሚያዘወተረውን ፍቺ ያስቀድማሉ። እንደ ትልቁ ኦክስፎርድና እንደ አሜሪካኖቹ ሜሪየም ዌብስተር ያሉት ግን በታሪክ ቅደም ተከተል ነው የሚሄዱት። ቁጥር አንድ ላይ ያለው የጥንቱ ነው። ዛሬ የማይነገርም ሊሆን ይችላል። የመዝገበ ቃላቱን መግቢያ አንድ ጊዜ ማንበብ ይህን ይፈታል።

«አዲሱ ፍቺ ብልሽት ነው»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ግን ዛሬ ደግና ደስ የሚል ለሆነ ሰው የምንለው «ናይስ» ከላቲን የመጣ ሆኖ መነሻው «አላዋቂ» ማለት ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰውን ናይስ ማለት ሞኝ ማለት ነበር።

በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ የምታነቡ ዘፍጥረት 1፥29 ላይ ቆም በሉ። እግዚአብሔር ለአዳም የሰጠው ቡቃያና ፍሬ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ሚት» ይሆናችኋል ይላል። የጾም ምግብ እንዴት ሥጋ ሆነ? በዚያ ዘመን ሚት ማለት ማንኛውም የሚበላ ነገር ነበር። የእኛው «መብል» ብሎ ልክ አስቀምጦታል። ወደ ሥጋ ብቻ የጠበበው በኋላ ነው። ያኔ የነበረው ሰው የዛሬውን አነጋገራችንን ቢሰማ እሱም ተበላሸ ይለን ነበር።

«የሳይንሱ ቃልና የሰፈሩ ቃል አንድ ነው»

ይህ አገር ቤት ላሉ ተማሪዎች ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ «ወርክ» የሚለውን ቃል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል። ችግሩም ማወቁ ላይ ነው።

መርካቶ ላይ አንድ ተሸካሚ 100 ኪሎ ኩንታል ከመሬት ወደ ትከሻው አነሳ እንበል። ትከሻው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ይርቃል። በፊዚክስ ወደ 1,470 ጁል ወርክ ሠራ። ከዚያ በሜዳው ላይ፣ ፍጥነቱን ሳይቀይር፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ መቶ ሜትር ተጓዘ። ኩንታሉን በመሸከሙ የሠራው ወርክ ስንት ነው? ዜሮ። የሚሸከምበት ኃይል ወደ ላይ ነው፣ ጉዞው ደግሞ ወደ ጎን ነው። ፊዚክስ የሚቆጥረው ኃይሉ በራሱ አቅጣጫ ያንቀሳቀሰውን ብቻ ነው።

ተማሪ ይህን ሲሰማ ይናደዳል፤ ልክም ነው። ሰውየው ደክሟል። ጉልበቱ ጡንቻው ውስጥ ወደ ሙቀት ተቀይሯል። አስተማሪው «ይህ ቃል እዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ነው» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ግማሹ ግራ መጋባት ባልመጣ ነበር። «ፓወር»ም፣ «ሶሉሽን»ም፣ ሒሳብ ላይ «ሚን»ም እንዲሁ ናቸው። «ቲዎሪ»ም በቡና ወሬ ላይ ግምት ነው፣ በሳይንስ ግን በማስረጃ የተፈተነ ማብራሪያ ነው።

«የሕግ ወረቀት ላይ ያለው ቃል እንደሚሰማው ነው»

ወንድሙን ለማምጣት ፎርም የሚሞላ ሰው ርዕሱን አይቶ ይቆጣል፦ «ኤልየን ይሉናል እንዴ?» ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር የሚለው ፍቺ በፊልም የገነነ ነው። በ1952ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ኤልየን ማለት የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው ነው፣ በቃ። ቃሉ ይከብዳል፣ አልክድም። ግን ስድብ ተብሎ የተጻፈ አይደለም።

«ፓሮል» ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ድንጋጤ አይቻለሁ። በወንጀል ሕግ ፓሮል የእስረኛ አመክሮ ነው። በኢሚግሬሽን ግን ወደ አገር እንዲገባ ለጊዜው የሚሰጥ ፈቃድ ነው። አንድ አባት «እኔ መቼ ታሰርኩ?» ብለው ወረቀቱን ሊመልሱት ደርሰው ነበር።

«እንግሊዝኛ የትም እንግሊዝኛ ነው»

ለንደን ውስጥ «ፈርስት ፍሎር» እንደ እኛ አንደኛ ፎቅ ነው፤ ከምድር ቤቱ በላይ ያለው። አሜሪካ ውስጥ ምድር ቤቱ ራሱ ነው። እንግሊዝ አገር «ሰርጀሪ» የቀዶ ሕክምናም ስም ነው፣ የሰፈር ሐኪም ቢሮም ስም ነው። የሰርጀሪ ቀጠሮ አለኝ ያላችሁ ሰው ለጉንፋን ሊሆን ይችላል።

ይህ ትልልቆቹንም አጋጭቷል። ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማስታወሻው ላይ ጽፎታል። የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ ሰነድ በአስቸኳይ «ቴብል እናድርገው» አሉ። ለእነሱ አሁኑኑ ለውይይት እናቅርበው ማለት ነው። ለአሜሪካኖቹ ግን መሳቢያ ውስጥ ከተን እንርሳው ማለት ነበር። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ መሆኑን እስኪያውቁ ድረስ ረጅምና መራራ ክርክር ተከራከሩ።

«ከእንግሊዝኛ የወሰድነው ቃል ሲመለስም ያው ነው»

ሬስቶራንት ውስጥ «ሶፍት» ብትሉ አስተናጋጁ ግራ ይገባዋል። ለእሱ ቃሉ «ለስላሳ» ብቻ ነው፤ የሚጠጣው ሳይሆን የሻካራ ተቃራኒ። ውሃ ፈልጋችሁ «ሃይላንድ» ብትሉት ደጋማ አገር ነው የሚመጣለት። «ሰርቪስ» ለእኛ የመሥሪያ ቤት መኪና ነው፣ ከግቢ ጀርባ ያለች ክፍልም ነች። «ሙድ ያዘብኝ» የሚለውን ደግሞ ቃል በቃል ብትመልሱት እንግሊዝኛ ተናጋሪው መሾፍ እንደሆነ በምንም አያገኘውም። ቃላቱ እኛ ጋ መጥተው የእኛ ሆነዋል። ይህ ነውር የለውም።

«ትርጉም መጠየቅ አለማወቅን ያጋልጣል»

እማማም ያን ቀን ያልጠየቁት ለዚህ ነው። «ሃያ ዓመት ኖሬ አንዲት ቃል ልጠይቅ?» አሉኝ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት ቢሮዎች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በስልክ ሲደወልላችሁም «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ እስኪገባ መጠበቅ ትችላላችሁ።

እማማ መድኃኒቱን ጨረሱ። ከሳምንታት በኋላ ምርመራው ተደገመ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና «ኔጋቲቭ» አለች። እማማ ወደ እኔ አልዞሩም። ቀጥታ እሷን በእንግሊዝኛ ጠየቋት፦ «ለእኔ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ባክቴሪያው የለም» አለቻቸው። ስልካቸውን ከቦርሳ አውጥተው ለልጃቸው እዚያው ደወሉ።